«ኮሪያ የለበሱት ነው»፦ የድሮ የወታደር ካፖርትን ማንነት እንዴት እንመርምር?

ባለቤታቸው የቃኘው፣ ማለትም ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ሻለቃ ዘማች የነበሩ አንዲት እናት ጎረቤት አሉኝ። ባለፈው ክረምት ከአልጋ ሥር የቆየ የእንጨት ሳጥን አስከፍተውኝ፣ ናፍታሊን ናፍታሊን የሚሸት አረንጓዴ ልብስ አውጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ።

«እማማ፣ ይሄ የማን ነበር?»

«የእሳቸው ነዋ! ኮሪያ የለበሱት።»

«ለብሰውት ሄዱ ወይስ ለብሰውት መጡ?»

እማማ ዝም አሉ። ከ70 ዓመት በላይ ሲነገር በኖረ ታሪክ ውስጥ ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ጥያቄው ግን ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ሲወጣ ወታደሩ የለበሰውና፣ የኮሪያ ወደብ ፑሳን ከወረደ በኋላ ከአሜሪካ ጦር የተረከበው ልብስ አንድ አይደለም። «ለብሰውት ሄዱ» ከተባለ አንድ ዓይነት ልብስ እንጠብቃለን፤ «ለብሰውት መጡ» ከተባለ ሌላ።

እንዲህ ያለ ልብስ ከቤተሰብ ሳጥን ቢወጣም፣ ከምናለሽ ተራ ቢገዛም፣ ውጭ አገር ካለ የሰልባጅ ሱቅ ቢገኝም አመራመሩ ያው ነው። እኔ እስካሁን እንዳየሁት፣ እኛ ዘንድ ሆን ተብሎ ከተሠራ ሐሰተኛ ልብስ ይልቅ የሚበዛው እውነተኛ ልብስ ላይ የተለጠፈ የተሳሳተ ታሪክ ነው። ልብሱ አሜሪካዊ ነው፤ የወታደርም ነው፤ ግን ጦርነቱ ካለቀ ከ15 ዓመት በኋላ የተሰፋ ነው።

ሥራው ሁሉ የሚዞረው በአንድ ሕግ ላይ ነው፦ ልብስ ከታናሽ አካሉ በዕድሜ አይበልጥም። ጨርቁ የ1944 እ.ኤ.አ. ቢመስልም፣ አብሮት የተሰፋው ዚፕ በ1960ዎቹ የተሠራ ከሆነ ልብሱ የ1960ዎቹ ነው። ዚፑ በኋላ በልብስ ሰፊ የተቀየረ ከሆነ ግን ፍርዱ ይለወጣል። ስለዚህ እያንዳንዱን ቁልፍ፣ ክርና አርማ ሁለት ነገር ጠይቁት፦ መቼ ተሠራህ? ከልብሱ ጋር ተወለድክ ወይስ በኋላ መጣህ?

ከመጀመራችሁ በፊት ንጹሕ ነጭ አንሶላ ጠረጴዛ ላይ አንጥፉ። አጉሊ መነጽር፣ ባትሪ፣ ወረንጦ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ እርሳስና ደብተር ያዙ። እስክሪብቶ ከጠረጴዛው ይራቅ። ሱቆች የብር ኖት የሚፈትሹበትን ሐምራዊ መብራት ለአንድ ቀን መዋስ ከቻላችሁ ደግሞ በጣም ይጠቅማል።

1. መጀመሪያ ታሪኩን ስሙ፤ እንደተነገረው ጻፉት

ልብሱን ከመግለጣችሁ በፊት ባለቤቱን አናግሩ። የሚነግሯችሁን አታርሙ፤ በራሳቸው ቃል ጻፉት። ሦስት ቦታ ላይ ግን ጆሯችሁን አቁሙ።

የመጀመሪያው ዘመን አቆጣጠር ነው። ቤተሰብ የሚናገረው በእኛ ነው፤ ልብሱ ላይ የታተመው በፈረንጆች ነው። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። «1943» የምትለው ቁጥር በተለይ ብዙ ሰው አሳስታለች፤ ቃኘው የዘመተው በ1943 ዓ.ም. ሲሆን፣ የአሜሪካ ጦር ደግሞ «ኤም-1943» የሚባል የመስክ ጃኬት አለው። አንድ ወጣት ሌብሉ ላይ 1943 አንብቦ «ይኸው፣ የዘመቱበት ዓመት ራሱ ተጽፎበታል» ብሎ በደስታ ሲያሳየኝ ምን እንደምለው ጠፍቶኝ ነበር። ያ ቁጥር በእኛ 1935 እና 1936 ነው፤ የሚገልጸውም የሞዴሉን ስም እንጂ ዘመቻውን አይደለም። በተቃራኒው ፎቶ ጀርባ ላይ በእጅ የተጻፈ 1944 ካያችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ 1951 ወይም 1952 እ.ኤ.አ. ማለት ነው።

ሁለተኛው «ቃኘው» የሚለው ቃል ራሱ ነው። በራስ መኰንን ፈረስ ስም የተጠራው ሻለቃ አለ፤ በዚያው ስም የተጠራው፣ አስመራ የነበረውና እስከ 1969 ዓ.ም. የቆየው የአሜሪካኖች ጣቢያም አለ። ጣቢያው ውስጥ የሠራ ሰው፣ ወይም ከጣቢያው የወጣ ልብስ የገዛ ሰው፣ «ከቃኘው ያመጣሁት» ቢል አልዋሸም። ልጆቹ ግን ኮሪያ አድርገው ይሰሙታል።

ሦስተኛው ሌላ ዘመቻ ነው። ከክብር ዘበኛና ከጦር ሠራዊቱ ብዙ ሰው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ኮንጎም ሄዷል። አሜሪካም ከ1945 ዓ.ም. ስምምነት በኋላ ለሠራዊታችን ዕቃ ስታቀርብ ኖራለች። ስለዚህ አያታችሁ ኮሪያ ዘምተው፣ ያስቀመጡት ጃኬት ግን ከዚያ በኋላ አገር ቤት የተሰጣቸው ሊሆን ይችላል። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ግን ለሌላው ምስክር አይሆንም።

2. አትጠቡ፣ አትተኩሱ፣ አታወልውሉ

ፎቶ አንሱ፤ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ገልብጣችሁ ውስጡን፣ እያንዳንዱን ኪስ። ኪስ ውስጥ ያለውን ብናኝ እንኳ በወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። የነሐስ ቁልፍ ደብዝዞ ካያችሁ በሎሚና በአመድ አትሹት፤ ያ ድብዛዜ ዕድሜው ነው።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። የእማማን ጃኬት ስገለብጥ፣ ከአንገቱ በታች ገበሩ ላይ በቀለም የተጻፈ የአማርኛ ስም ነበረ። ደብዝዞ የመጀመሪያዋ «ወ» እና የመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ትታይ ነበር። ይበልጥ እንዲነበብልኝ ብዬ እርጥብ ጨርቅ ሳሙና አስነካሁና ቀስ አድርጌ ጠረግሁት። ቀለሙ በውሃ የሚለቅ ነበር። ዓይኔ እያየ ሰማያዊ ሆኖ ተሰራጨና ሄደ። እማማ አላዩም፤ እኔ ግን ያን ቀን ቡናውን ሳልጨርስ ነው የወጣሁት። ስሙን መጀመሪያ ፎቶ ባነሣው ኖሮ፣ ከጎን በባትሪ አብርቼ ባየው ኖሮ... ባትሪን ከፊት ሳይሆን ከጎን፣ ጨርቁን ሊነካ ሲቀርብ አብሩ፤ የጠፋ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በዚያ ይወጣል። የስልክ ፎቶውንም ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጣችሁ ብርሃኑን ብታጠቁሩት ፊደሉ ይጎላል።

3. ሌብሉን አንብቡ

እዚህ ጊዜ ውሰዱ። ከአንገት ሥር፣ ከገበሩ ጎን፣ ከሁሉም ኪስ ውስጥ ፈልጉ። አንዳንዱ ልብስ መጠኑ ብቻ አንገቱ ላይ ተጽፎ ዋናው ሌብል ኪስ ውስጥ ይሆናል።

አሜሪካኖቹ ስሙን የሚጽፉት በዕቃ ግምጃ ቤት ዘዴ ነው፤ ዕቃው ይቀድማል፣ ዓይነቱ ይከተላል። «ጃኬት፣ ፊልድ፣ ኤም-1943»። «ጃኬት፣ ሼል፣ ፊልድ፣ ኤም-1951»። ከእነዚህ በኋላ የመጣውና በየሰልባጁ የምናገኘው ኤም-65 ግን ሌብሉ ላይ ራሱን «ኮት» ብሎ ነው የሚጠራው። ይቺ አንዲት ቃል ብቻዋን ብዙ ክርክር ዘግታልኛለች።

ከስሙ ጋር ያለው ቁጥር ሞዴሉ የጸደቀበት ዓመት እንጂ ልብሱ የተሰፋበት አይደለም። ኤም-1943 እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ድረስ በብዛት ተሰፍቶ፣ በመጋዘን ቆይቶ፣ ኮሪያ ላይ እንደገና ተለብሷል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቃኘው ዘማች ሳጥን ውስጥ የ1944 ወይም የ1945 እ.ኤ.አ. ውል ያለበት ጃኬት ብታገኙ አይግረማችሁ፤ እንዲያውም የሚጠበቅ ነው። የተሰፋበትን ጊዜ የምታገኙት ከውል ቁጥሩ ነው። በሁለተኛው ጦርነት ዘመን ሌብሎች ላይ ከውሉ አጠገብ ቀኑ ራሱ ይጻፋል፤ ፊላደልፊያ የነበረው የኳርተርማስተር (የጦሩ ስንቅና ትጥቅ ክፍል) መጋዘን ስምም ብዙ ጊዜ አብሮ አለ።

መጠኑም ይናገራል። ኤም-1943 በቁጥር ነው፤ 36፣ 38፣ 40 ብሎ ከጎኑ አጭር፣ መካከለኛ ወይም ረጅም የሚል ፊደል። ኤም-1951 ግን ስሞል፣ ሚዲየም፣ ላርጅ ወደሚለው ዞሯል።

አሁን ወደ ወጥመዶቹ። ሌብሉ ላይ «ዲ ኤስ ኤ» የሚሉ ሦስት ፊደላት ካያችሁ ልብሱ ለኮሪያ ጦርነት አልደረሰም። ፊደላቱ የአሜሪካ መከላከያ ዕቃ አቅራቢ ድርጅት ስም ናቸው፤ ድርጅቱ ሥራ የጀመረው በ1962 እ.ኤ.አ. ነው፤ የተኩስ አቁሙ የተፈረመው ግን ሐምሌ 20፣ 1945 ዓ.ም. ማለትም በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። «ዲ ኤስ ኤ 100» ብሎ ቀጥሎ 67 ካለ የ1967 እ.ኤ.አ. በጀት ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. ድርጅቱ ስሙን ስለቀየረ ከዚያ ወዲህ «ዲ ኤል ኤ» ይላል። የዕቃ ቁጥሩንም ቁጠሩት፦ 11 አኃዝ ከሆነ አሮጌው ዘዴ ነው፤ 13 ከሆነ፣ ማለትም ከመጀመሪያዎቹ 4 አኃዞች ቀጥሎ 00 ወይም 01 ከገባ፣ ከ1974 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ይህን ለማወቅ እንግሊዝኛ ማንበብ እንኳ አያስፈልግም፤ መቁጠር ይበቃል።

ሌብሉ ከሌለስ? ቦታውን ፈልጉ። አራት ማዕዘን የመርፌ ቀዳዳና ሳይደበዝዝ የቀረ ጥላ ካለ ሌብል ነበረ ማለት ነው። ሌብሉ ካለና ልብሱ አርጅቶ ሳለ እሱ ከዛሬ ማተሚያ ቤት የወጣ ከመሰለ ግን ጠርጥሩ። ውጭ አገር የጦርነት ትርኢት ለሚያሳዩ ሰዎች ተብለው የኤም-1943 እና የኤም-1951 ቅጂዎች ከነሌብላቸው ይሰፋሉ። እነዚህ ሲሸጡ ቅጂ ተብለው ነው፤ ሁለተኛ እጅ ሲሆኑ ግን ያ ስም ይወድቃል። እውነተኛ ሌብል ከልብሱ ጋር አብሮ ያረጃል፦ እጥፋቱ ላይ ጽሑፉ ይነሣል፣ ጠርዙ ይተለተላል፣ የተሰፋበት ክርም ከአካባቢው ክር ጋር አንድ ነው።

4. ዚፕ፣ ቁልፍ፣ ቬልክሮ

የእጅጌውን ጫፍ ያዙ። ሲላቀቅ ችርር የሚል ቬልክሮ ካለ በኮሪያ ጦርነት ዘመን የተሰፋ ልብስ አይደለም። ቬልክሮ የስዊሱ ጆርጅ ደ ሜስትራል ፈጠራ ሲሆን የባለቤትነት መብቱን ያገኘው በ1955 እ.ኤ.አ. ነው፤ በአሜሪካ የመስክ ጃኬት እጅጌ ላይ የገባው ደግሞ በኤም-65 ነው። ኤም-65 ሌላም ምልክት አለው፦ የአንገቱ ጀርባ ላይ ዚፕ አለ፤ ስትከፍቱት ቀጭን ቆብ ተጠቅልሎ ታገኛላችሁ።

እኔም በዚህ ተበልቻለሁ። መርካቶ አንድ ነጋዴ «የአያቶቻችን ነው» ብሎ ክንዱ ላይ ቀይና ጥቁር አርማ ያለበት ጃኬት አሳየኝ። አርማዋን ሳይ ልቤ ዘለለ፤ ሳልከራከር ከፈልኩ። ቤት ገብቼ እጅጌውን ስይዘው ችርር አለ።

ኤም-1943 ፊት ለፊቱ ዚፕ የለውም፤ በክዳን የተሸፈኑ የፕላስቲክ ቁልፎች ናቸው፤ ወገቡ ውስጥ ማጥበቂያ ገመድ አለ። ኤም-1951 የብረት ዚፕ አለው፤ በላዩ ላይ የሚከደነው ጨርቅና ኪሶቹ ሲጫኑ ጠቅ በሚሉ የብረት ቁልፎች ይያያዛሉ። የዚፑን መጎተቻ በአጉሊ መነጽር አንብቡ፤ ታሎን፣ ኮንማር፣ ክራውን የሚሉት የዘመኑ የአሜሪካ ስሞች ናቸው። «ዋይ ኬ ኬ» የሚለውን የጃፓን ስም ካያችሁ ወይ ዚፑ ተቀይሯል ወይ ልብሱ ሌላ ነው። የቱ እንደሆነ ለማወቅ የዚፑን ዳር ገልጣችሁ እዩ፦ ካሁኑ ስፌት ጎን ባዶ የመርፌ ቀዳዳ መስመር ካለ ልብስ ሰፊ ገብቶበታል። የተቀየረ ዚፕ ልብሱን ሐሰተኛ አያደርገውም፤ እንዲያውም ሰው እንደለበሰው ያሳያል።

5. ጨርቁንና ክሩን ፈትኑ

ከስፌቱ ውስጥ፣ ከማይታይ ቦታ፣ የጥፍር ያህል ክር በወረንጦ ምዘዙ። ከልብሱ ርቃችሁ ክብሪት አስነኩት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል፤ ለስላሳ ግራጫ አመድ ይተዋል። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ ቀሪው በጣት ሲፈጭ ይደቅቃል። ናይለንና ፖሊስተር ይቀልጣሉ፤ ሲቀዘቅዙ ጠንካራ ፍሬ ይሆናሉ። ኤም-1943 እና ኤም-1951 የጥጥ ልብሶች ናቸው፤ የኤም-65 ጨርቅ ጥጥና ናይለን የተቀላቀለበት ነው። ፖሊስተር በገበያ የተስፋፋው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ስለሆነ በ1945 እ.ኤ.አ. ጃኬት ላይ የቀለጠ ክር ካገኛችሁ፣ ያ ስፌት በኋላ የገባ ነው።

ከዚያ ክፍሉን አጨልሙና ሐምራዊውን መብራት አብሩ። ዛሬ የሚሠራ ክርና ጨርቅ ብዙውን ጊዜ ነጭ የሚያደርግ ኬሚካል ስላለበት ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፤ የድሮው ዝም ይላል። ነገር ግን ተጠንቀቁ፦ ኦሞ ውስጥም ያው ኬሚካል አለ። አንዴ በኦሞ የታጠበ እውነተኛ ጃኬት እንዳለ ሊያበራ ይችላል። ስለዚህ «አበራ ወይስ አላበራም» ብቻ አትበሉ፤ ልዩነቱን ፈልጉ። ጃኬቱ ጨልሞ ሳለ የአርማው ስፌት ብቻ ካበራ አርማው አዲስ መጤ ነው።

የሚነቀል የውስጥ ገበር ካለም እዩት። ለኤም-1951 የተሠራው ሸካራ ፀጉራማ ነገር ነው፤ የኤም-65 ግን ተደራርቦ የተሰፋ ቀላል ናይለን ነው። ገበሮች ስለሚለዋወጡ ብቻቸውን አይፈርዱም።

6. አርማው፦ ልብን የሚሰርቀው ክፍል

ቃኘው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው እግረኛ ሬጅመንት ሥር ነበር የተዋጋው። የ7ኛው አርማ ቀይ ክብ ነው፤ መሐሉ ላይ ሁለት ጥቁር ሦስት ማዕዘኖች ጫፍ ለጫፍ ገጥመው የአሸዋ ሰዓት ይመስላሉ። ይህን አርማ ክንድ ላይ ያየ ኢትዮጵያዊ «አገኘሁ» ይላል። እኔም ያልኩት ይህን ነው።

ችግሩ፣ 7ኛው ክፍለ ጦር ጦርነቱ ካበቃ በኋላም ኮሪያ ውስጥ እስከ 1971 እ.ኤ.አ. ቆይቷል። በዚያ ሁሉ ዓመት ያገለገለ የአሜሪካ ወታደር ያንኑ አርማ ለብሷል፤ ልብሱም በሰልባጅ ዓለምን ዞሯል። የእኔ የመርካቶ ጃኬት አርማው እውነተኛ ነው፤ ጃኬቱም እውነተኛ ነው፤ የለበሰው ግን ከእኛ ሰዎች አንዱ ሊሆን አይችልም።

አርማው ራሱ መቼ እንደተሠራ ለማየት ጠርዙን ተመልከቱ። በጦርነቱ ጊዜ የነበሩት ጠርዛቸው ተቆርጦ የቀረ ስስ ነው። ዙሪያውን በወፍራም ክር ተጠቅልሎ እንደ ገመድ ያበጠ ጠርዝ የተለመደው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። ቀለሙ ጠፍቶ ጥቁርና አረንጓዴ ብቻ የሆነ አርማም የቬትናም ዘመን ነገር ነው።

ቀጥሎ ከሁሉ የምወደው ፈተና ይመጣል። የአርማውን ጠርዝ በወረንጦ በጥቂቱ ቀና አድርጉና ከሥሩ ያለውን ጨርቅ በባትሪ እዩ። አርማው ልብሱ አዲስ ሳለ የተሰፋ ከሆነ፣ ከሥሩ ያለው ጨርቅ ፀሐይ ስላልነካው ጠቆር ያለ ነው። ከሥሩም ከውጭም እኩል ከደበዘዘ፣ አርማው ልብሱ ካረጀ በኋላ መጥቷል። ግልባጩም ይሠራል፦ አርማ የሌለው ክንድ ላይ ጠቆር ያለ ክብ ጥላና የመርፌ ቀዳዳ ካያችሁ፣ ቀድሞ አርማ ነበረ። ጥላውን ለኩ፤ በስስ ወረቀት ቅርፁን ገልብጡ። እንዲህ ያለ ባዶ ጥላ ለእኔ ዛሬ ከተሰፋ የሚያብረቀርቅ አርማ ይበልጥብኛል።

ዘዴውን ለመለማመድ የእናንተን የድሮ የትምህርት ቤት ሹራብ አርማ ቀና አድርጋችሁ እዩ። ትገረማላችሁ።

7. አሜሪካዊ ካልሆነ

እማማ «ለብሰውት ሄዱ» ቢሉኝ ኖሮ ወደ እንግሊዝ ልብስ እዞር ነበር፤ ከነፃነት በኋላ በ1930ዎቹ ዓ.ም. ሠራዊታችንን ያሠለጠነው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ነውና። የእንግሊዝ ሱፍ ካፖርት ከባድ ነው፤ ፊቱ በሁለት ረድፍ ቁልፍ ይዘጋል። ውስጡ ላይ እንደ ወፍ እግር ያለ ሰፊ የቀስት ምልክት ፈልጉ፤ የመንግሥት ንብረት ማለት ነው። ሌብሉ የሞዴሉን ስም፣ ቁመትና ደረት በኢንች፣ የሰፊውን ድርጅትና ዓመቱን ይዘረዝራል። ቁልፉ ላይ ያለው ዘውድም ይጠቅማል፦ ከ1901 እስከ 1952 እ.ኤ.አ. የነበረው የንጉሥ ዘውድ አናቱ ክብ ጉብታ ነው፤ ከ1953 በኋላ የመጣው የንግሥቲቱ ዘውድ መሐሉ ላይ ጎድጎድ ይላል። የንግሥቲቱ ዘውድ ያለበት ቁልፍ ኮሪያ ለመሄድ ከ1943 ዓ.ም. ካፖርት ጋር አብሮ ሊሰፋ አይችልም። የንጉሡ ግን ከመጋዘን ወጥቶ በኋላም ሊሰፋ ስለሚችል ማረጋገጫ አይሆንም።

«ከጣሊያን የተማረከ» የሚባለው ደግሞ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን ውስጥ ነው። ጣሊያኖች ከ1909 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግራጫ አረንጓዴ ሱፍ ይለብሱ ነበር። የኮሌታውን ሁለት ጫፍ እዩ፦ መደበኛው ወታደር ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ፣ ጥቁር ሸሚዞቹ በምትኩ የፋሽስት በትር ምልክት ያደርጉ ነበር። ኮከቡ ራሱ ቢጠፋም ቀዳዳውና ጥላው ይቀራል።

8. ልብሱ የሚለብስ ሰው ነበረው

አንገቱ ላይ ላብ፣ ክርኑ ላይ መሳሳት፣ የቀኝ ኪስ አፍ ላይ የእጅ ቆሻሻ ይጠበቃል። በአሸዋ ወረቀት የተፋቀ «አሮጌ» ልብስ ሁሉ ቦታ እኩል ያረጃል፤ ብብቱ እንኳ እንደ ክርኑ ይሳሳል። ሰው እንዲህ አያረጅም፤ ልብሱም። ብል የበላው ቀዳዳ ጠርዙ ያልተስተካከለ ነው። በእጅ የተደረተውን እዩ፦ የእማማ ጃኬት ግራ ክርን ላይ የተሰፋው ጥፍጥፍ ከካኪ ሱሪ የተቆረጠ ነበር፤ ስፌቱ ደግሞ የሴት እጅ ስፌት። «እኔ ነኝ» አሉ እማማ፣ «ልጆች ሲወለዱ ለማገዶ ለቀማ ይለብሱት ነበር።»

9. ልብሱን ከሰውየው ጋር አገናኙ

እስካሁን ያረጋገጣችሁት የልብሱን ዕድሜ ብቻ ነው። ማን እንደለበሰው ሌላ ማስረጃ ይፈልጋል። ፎቶ ካለ፣ ፊቱን ትታችሁ ልብሱን እዩ፦ የኪሱ ክዳን ቅርፅ፣ የቁልፍ ብዛት፣ አርማው የተሰፋበት ከፍታ፣ ሌላው ቀርቶ የተቀደደ ቦታ። ፎቶውን አስፍታችሁ ከጃኬቱ ጎን አስቀምጡና ነጥብ በነጥብ አመሳክሩ።

የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳልያ ካለ ገልብጡት፤ ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው በአማርኛ የተጻፈበት ነው። ሜዳልያው ሰውየው መዝመታቸውን ይደግፋል፤ ስለ ጃኬቱ ግን አንድ ቃል አይናገርም። አዲስ አበባ አፍንጮ በር ያለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ጋ ሄዶ መጠየቅም ጥሩ ነው፤ እዚያ የሚገኙ የዘማች ልጆች ከማናችንም በላይ ፎቶ አይተዋል። ለቤተሰቡ ልብሱን መጠበቅ ከከበደው ደግሞ በኮሪያ ቹንቾን ከተማ የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ እንዳለ ንገሩ። ያረጀ ዕቃ ከአገር ከማውጣታችሁ በፊት ግን ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቁ።

10. አስቀምጡት፤ ካርድ ጻፉለት

ብል ካለበት በላስቲክ አጥብቃችሁ ጠቅልሉና ለሁለት ሳምንት በረዶ ማድረጊያ ውስጥ አቆዩት፤ ስታወጡ ላስቲኩን ሳትከፍቱ አንድ ቀን ይቆይ። ከዚያ በሽቦ መስቀያ አትስቀሉት፤ በታጠበ ነጭ አቡጀዲ ጠቅልላችሁ፣ እጥፋቶቹ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቃችሁ አስተኙት።

በካርዱ ላይ ያያችሁትንና የሰማችሁትን ለይታችሁ ጻፉ። የእማማ ጃኬት ካርድ ይኸው፣ ሳጥኑ ውስጥ ከላይ ተቀምጧል፦

ዓይነት፦ የአሜሪካ የመስክ ጃኬት፣ ኤም-1943፤ መጠን 36።
ውል፦ ቀኑ በከፊል ጠፍቷል፤ 1945 እ.ኤ.አ. የሚለው ይነበባል።
ቁልፍ፦ 2 ተቀይሯል፤ የቀሩት የመጀመሪያዎቹ ናቸው።
አርማ፦ የለም። ግራ ክንድ ላይ ክብ ጥላና የመርፌ ቀዳዳ አለ።
ጥገና፦ ግራ ክርን፣ በባለቤታቸው እጅ።
የተነገረው፦ «ኮሪያ የለበሱት ነው።» ለብሰውት ሄዱ ወይስ መጡ ተብለው ሲጠየቁ፣ በሳምንቱ ያስታወሱት፦ «ሲመጡ ባቡር ጣቢያ ነው ያየሁባቸው። ሲሄዱ ይሄ አልነበረም።»
ስም፦ ገበሩ ላይ በአማርኛ ተጽፎ ነበር፤ በ«ወ» ይጀምራል። አሁን የለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ በእርጥብ ጨርቅ።